የተግባር ምርምሩ ከራስዎ ውሳኔ ይጀምር

በመንዝ ማማ ወረዳ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር እንደሆኑና ለሱፐርቫይዘርነት ለመወዳደር እንደሚያስቡ ገልጸው፣ «የተግባር ምርምር ከፋይል ማሟያነት አልፎ ለአስተዳዳሪ ምን ይጠቅማል?» ሲሉ ጠይቀውኛል። የተግባር ምርምር ማለት ሠራተኛው በሥራው ላይ ያጋጠመውን ችግር እያጠና አሠራሩን የሚያሻሽልበት ዘዴ ነው። በየቢሮው መደርደሪያ ላይ አቧራ የጠጡትን ጥራዞች ላየ ሰው ጥያቄው ተገቢ ነው።

የሥነ ልቦና ምሁሩ ኩርት ሌዊን እ.ኤ.አ. በ1946 ይህን የምርምር ዘዴ ሲያስተዋውቅ ያሳየው፣ ማቀድ፣ መፈጸምና የተፈጸመውን መመርመር እየተደጋገሙ የሚዞሩበትን ዑደት ነው። በትምህርት ቤት ሲሠራበት አጥኚውም ፈጻሚውም ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ስለሚሆን፣ አስተዳዳሪ ሊያጠና የሚገባው የመምህራንን ጉድለት ሳይሆን በራሱ ሥልጣን ሊለውጠው የሚችለውን አሠራር ነው። እኔም በምክትልነቴ ዘመን የመረጥኩት የመጀመሪያ ርዕስ መምህራን የትምህርት ዕቅድ በወቅቱ የማያቀርቡበት ምክንያት ነበር፤ መጠይቁን የበተንኩትም የሥራ አፈጻጸማቸውን የምሞላውም እኔው ስለነበርኩ፣ መልሱ ሁሉ እኔን ደስ የሚያሰኝ ሆኖ ተመለሰ።

በደብዳቤዎ መጨረሻ እንደ ዋዛ የጠቀሱት ነገር የተሻለ ርዕስ ይመስለኛል። ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ በሩ ስለሚዘጋ ያረፈዱ ተማሪዎች ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ ብለዋል፤ በሩ እንዲዘጋ የሚያዝዙት ደግሞ እርስዎ ነዎት። የአቴንዳንስ መዝገቡን ከፍተው ያለፉትን ስምንት ሳምንታት ቀሪዎች በቀን፣ በክፍልና በጾታ ይቁጠሩ፤ ከገበያ ቀን ጋርም ያስተያዩት። የጥበቃ ሠራተኛው ያረፈደውን ተማሪ ስም፣ የመጣበትን ጎጥና የደረሰበትን ሰዓት በደብተር ይመዝግብ። በውርጭ ጠዋት ከሩቅ ጎጥ በእግሩ የመጣ ልጅ አሥር ደቂቃ ዘግይቶ ሙሉ ቀን ሊያጣ ይችላልና፣ በመዝገቡ ላይ «ቀሪ» የተባለው ምናልባት በር ድረስ መጥቶ የተመለሰው ነው።

ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ፤ ለምሳሌ ያረፈዱት በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ እንዲገቡ ይፍቀዱና ለሌላ ስምንት ሳምንት በዚያው መንገድ ይቁጠሩ። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ፤ በአጨዳ ወቅት የተቆጠረውን ከአጨዳ በኋላ ከተቆጠረው ጋር ቢያነጻጽሩ፣ ለውጡን ያመጣው የበሩ መከፈት ይሁን የአዝመራው መግባት መለየት ያዳግትዎታል። የአምናውን መዝገብ ተመሳሳይ ሳምንታት አብረው ማየትዎ ይህን ችግር በተወሰነ ደረጃ ያቃልላል። ማርፈድ ከጨመረ ግኝት ነውና አይደብቁት፤ ከወላጅ መምህር ኅብረቱ ጋር ተወያይተው ሁለተኛውን ዙር ያቅዱ። በሪፖርቱ ውስጥ የልጆቹን ስም በመለያ ቁጥር ይተኩ፤ ከመምህራን የሰሙትንም በምዘና ቅጽ ላይ አይጠቀሙበት።

ሱፐርቫይዘር የጉድኝት ማዕከሉን፣ ማለትም በአንድነት የተቧደኑትን አጎራባች ትምህርት ቤቶች የሚደግፍ እንደመሆኑ፣ ለቃለ መጠይቁ የሚያስፈልግዎ ወፍራም ጥራዝ አይደለም። ሁለቱን ቆጠራዎች የያዘ ሠንጠረዥ፣ የመጀመሪያው ዙር የት ላይ እንደከሸፈ የሚገልጽ አንድ ገጽና በሁለተኛው ዙር ምን እንደቀየሩ የሚያሳይ አንድ ገጽ ይዘው ይቅረቡ።