መልስ፦ «መሬታችሁ ከድንጋይ ከሰሉ ማውጫ ሩቅ ስለሆነ ስለ ወንዙ ብክለት አቤት ማለት አትችሉም» ለተባላችሁት

ትችላላችሁ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ማንም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማሳየት ሳያስፈልገው ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል።

ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ ውሰዱ፤ አንዱን ቀንና ማኅተም አስመትታችሁ ያዙ። በ30 ቀን ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም በውሳኔው ካልተስማማችሁ፣ ከዚያ በኋላ ባሉት 60 ቀናት ውስጥ ፍርድ ቤት ክሰሱ። «ነገ ተመለሱ» እየተባለ የሚበላው ይህ የ60 ቀን ጊዜ ነው።

የወንዙን ውሃ ከማውጫው በላይም በታችም በአንድ ቀን ቅዱ። ጠርሙሱን በዚያው ውሃ ሦስቴ አለቅልቃችሁ እስከ አፉ ሙሉት። ፒኤቹን (የውሃውን አሲድነት የሚያሳየውን ቁጥር) እዚያው ለኩ፤ ቆይቶ ይለወጣል።

ብዙ ሰው ከማውጫው በታች፣ ብርቱካንማ ዝቃጭ ድንጋዩ ላይ ከተጋገረበት ብቻ ይቀዳል። የላይኛው ናሙና ከሌለ ድርጅቱ «ወንዙ ድሮም እንዲህ ነው» ይላል።