የባትሪ ካቦና የሞተር ክፍል ሽቦ አደባበቅ፦ ጥያቄና መልስ ለድሮ መኪና ወዳጆች

ዛሬ የምመልሰው ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ነው። ኮፈኑ ሲከፈት የሚታየውን የባትሪ ካቦና የተንዘላዘለ ሽቦ እንዴት ከዓይን እንሰውር? ስለ ቀለም፣ ስለ ጎማና ስለ ዋጋ አትጠይቁኝ። አስቀድሜ ሁለት ነገር ልበል። ባትሪ ስትነኩ ማሳውን (ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰረውን ካቦ፣ አብዛኛውን ጊዜ ኔጋቲቩን) መጀመሪያ ፍቱ፣ መጨረሻ ላይ እሰሩ። ከባትሪው ርቆ የሚሄድ ካቦ ሁሉ ደግሞ እዚያው ባትሪው ጥግ ፊውዝ ይኑረው። የተደበቀ ሽቦ ሲቃጠል ጭሱ የሚታየው ዘግይቶ ነው።

ባለ ፊያት 124፦ ጋሼ፣ ባትሪውን ወደ ኋላ የዕቃ መጫኛ አዛውሬ የሞተሩን ክፍል ባዶ ማድረግ እፈልጋለሁ። ካቦው ምን ያህል ይወፍር?

መልስ፦ ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ በቁጥር እንየው። ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው ትንሽ ሞተር) ሲያስነሳ 200 አምፔር ይስባል እንበል። ካቦው 5 ሜትር ርዝመት ያለው ንጹሕ መዳብ ቢሆን፣ በ16 ካሬ ሚሊ ሜትር ካቦ ላይ ከ1 ቮልት በላይ መንገድ ላይ ይቀራል። በ35 ካሬ ግማሽ ቮልት ያህል፣ በ50 ካሬ 0.35 ቮልት ያህል ይጠፋል። ስለዚህ ከ35 አትውረድ፤ 50 ብታገኝ ደስ ይለኛል። ይህ የፖዘቲቩ ጉዞ ብቻ ነው። መመለሻው የመኪናው አካል ስለሆነ ባትሪው አጠገብ ቀለሙን እስከ ብረቱ ፋቅ፣ ወፍራም ማሳ በብሎን እሰር፣ ከሞተሩ ወደ አካሉም ሌላ ወፍራም ማሳ አድርግ። ብዙ ሰው ፖዘቲቩን አሳምሮ ይዘረጋና ማሳውን በቀጭን ሽቦ ይጨርሰዋል፤ ከዚያ ሞተሪኖው ደከመ ብሎ ሞተሪኖ ይቀይራል።

ገበያ ላይ ተጠንቀቅ። ለሙዚቃ መሣሪያ ተብለው ከሚሸጡት ወፋፍራም ካቦዎች ብዙዎቹ መዳብ የተቀቡ አሉሚኒየም ናቸው። ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅማቸው ከመዳብ በጣም ያነሰ ነው። ጫፉን በምላጭ ፋቅ፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ ለሻጩ መልስለት። ውፍረት ስትለካም የላስቲኩን ሳይሆን የመዳቡን ለካ።

የምታዛውረው ተራ የአሲድ ባትሪ ከሆነ ክዳን ባለው ሣጥን አድርገህ የጋዝ መውጫ ቱቦውን ከመኪናው ውጪ አውጣ። ሲሞላ የሚወጣው ሃይድሮጅን በተዘጋ ቦታ ከተጠራቀመ አንድ ብልጭታ ይበቃዋል። ፊውዙም ባትሪው አጠገብ።

ባለ ሰማያዊ ቮልስ፦ የእኔ ባትሪ ድሮውንም ከኋላ ወንበር ሥር ተደብቋል። ታዲያ እኔ ምን ልደብቅ?

መልስ፦ ቮልስህ ይህን ሥራ ከፋብሪካ ጨርሶልሃል፤ አንተ አታበላሸው። መጀመሪያ የባትሪውን ሽፋን ተመልከት። በብዙ ቮልስ ላይ ጠፍቷል። ከባድ ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ የብረት ምንጭ ወርዶ የባትሪውን ራስ ይነካል፤ መቀመጫው መቃጠል የሚጀምረው እንዲህ ነው። ሽፋኑ ከሌለህ ዛሬውኑ ወፍራም ጎማ አልብሰው።

ሁለተኛው ሁሉም የሚረሳው ነው። ከማርሽ ሣጥኑ አፍንጫ ወደ መኪናው አካል የሚሄድ የተጎነጎነ ማሳ አለ። ሞተሩና ማርሽ ሣጥኑ በጎማ ላይ ስለተቀመጡ ዋናው የመመለሻ መንገድ እሱ ነው። ሲበጠስ ወይም ሲዝግ ኤሌክትሪኩ በነዳጅ መስጫውና በፍሪሲዮኑ ካቦ በኩል መንገድ ይፈልጋል። ካቦዎቹ ይግላሉ፣ ይጣበቃሉ፣ ባለቤቱም ካቦ እየቀየረ ይኖራል። መኪናው ሲነሳ የሚያቃስት ከሆነ ሥር ገብተህ መጀመሪያ ይህን እይ።

በሞተሩ ክፍል ውስጥ ያሉት ሽቦዎች ጥቂት ናቸው፤ የዲናሞው፣ የኮይሉ፣ የቾኩና የዘይት ግፊት መለኪያው። በግራ በኩል በግድግዳው አስይዘህ፣ ቀዳዳው ላይ የጎማ ቀለበት አድርገህ አሳልፋቸው። ከቤንዚን ቱቦው ጋር ግን አንድ ላይ አትሰራቸው። የቤንዚን ማጣሪያም ከዲስትሪቢዩተሩ በላይ አታንጠልጥል።

አዲስ አባል፦ ለዚህ ሥራ ጥሩ ሽቦ የትኛው ነው?

መልስ፦ ለምን መኪና? ለየትኛው መስመር? በስንት አምፔር? ይህን ጽፈህ ተመለስ።

ባለ ሙስታንግ 66፣ ከቨርጂኒያ፦ የሞተሪኖው ሶሌኖይድ (ቁልፍ ሲዞር ወደ ሞተሪኖው የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚያገናኘው ማብሪያ) በቀኝ ፓራፋንጎ (የጎማ መሸፈኛ) ላይ ከባትሪው ጎን ነው፤ ካቦዎቹ ተከማችተው ያስጠላሉ። ባትሪውን ወደ ኋላ ሳዞር እሱንስ ምን ላድርገው?

መልስ፦ እሱንም አብረህ ውሰደው! የዚያ ዘመን ፎርድ ትልቅ ጥቅም ይህ ነው። ሶሌኖይዱ ኋላ ባትሪው አጠገብ ከሆነ፣ በመኪናው ሥር የሚያልፈው ወፍራም ካቦ ኤሌክትሪክ የሚኖረው ቁልፉን ለማስነሳት ስታዞር ብቻ ነው። በቀረው ጊዜ ቢላጥም፣ ብረት ቢነካም የሞተ ካቦ ነው። ለመብራቱና ለዲናሞው ሌላ ቀጠን ያለ ካቦ በራሱ ፊውዝ ወደፊት ትልካለህ፤ ከቁልፉም ቀጭን ሽቦ ወደ ሶሌኖይዱ ትስባለህ። ሶሌኖይዱ በራሱ አካል ማሳ ስለሚያገኝ የሚታሰርበትን ቦታ ቀለሙን ፋቀው። ይህን አሠራር በጣም እወደዋለሁ፤ ሥራውም ከፊት ንጹሕ ይሆንልሃል።

ባለ ፔጆ 404፦ የካቦውን ጫፍ በሊድ ልበይደው ወይስ በመጭመቂያ ላስጨምቀው?

ባለ ፊያት 600፦ በሊድ ነው እንጂ! እኔ የማውቃቸው የድሮ ኤሌትራውቶዎች (የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኞች) ሁሉ በሊድ ነበር የሚሠሩት፤ ዛሬም የሚሠራ አለ።

ባለ ሙስታንግ 66፦ እዚህ እንደዚያ ብትሠራ ማንም አይቀበልህም። መጭመቂያ ብቻ።

ባለ ፊያት 600፦ እዚያ መሣሪያው በየሱቁ አለ። እዚህ ትክክለኛውን መጭመቂያ ያለው ስንቱ ነው? በመዶሻ የተመታ ጫፍ ከሊድ ይሻላል ትለኛለህ?

መልስ፦ ሁለታችሁም እውነት ይዛችኋል፣ ግን እልህ ተጋባችሁ። ሊድ በመዳቡ ክሮች ውስጥ ሽቅብ ይሳባል፤ የቆመበት ቦታ ላይ ካቦው ደረቅ ይሆንና በንዝረት ይበጠሳል። በተለመደው ሊድ ደግሞ ማያያዣው ከላላና ከጋለ 183 ዲግሪ ላይ መቅለጥ ይጀምራል። ስለዚህ የሞተሪኖ ካቦ በትልቅ መጭመቂያ ይጨመቅ። መጭመቂያ ከሌላችሁ ያለው ሰው ጋ ውሰዱት። በመዶሻ የተመታ ግን ከሁለቱም የባሰ ነው፤ በዚህ የፊያት 600ው ወዳጄ ልክ ነው። ለቀጭን ሽቦ፣ ንዝረት እንዳያገኘው በደንብ ከታሰረ ሊድ አይጎዳም።

ባለ ቢጫ ቮልስ፦ የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ለዚህ ሁሉ ከመድከም ሞተሩን አውጥቶ በኤሌክትሪክ መለወጥ አይሻልም?

ባለ ፊያት 124፦ የተከለከለው አዲስ ማስገባት ነው፤ ያለውን ማን ከለከለህ?

ባለ ቢጫ ቮልስ፦ ነገ መለዋወጫው ሲጠፋ እናያለን።

መልስ፦ ይህ ሌላ ርዕስ ነው። በመቶዎች ቮልት ስለሚሠራ መኪና በ12 ቮልት ውይይት መሀል ምክር አልሰጥም።

ባለ ፔጆ 404፦ እሺ ጋሼ፣ ሌላ ልጠይቅ። የፊት መብራቶቹን ሽቦ በፓራፋንጎው ውስጥ ላሳልፈው አስቤያለሁ። የፊውዝ ሣጥኑንም ከዳሽቦርዱ ጀርባ ብሸሽገው?

መልስ፦ የመጀመሪያውን አዎ፣ ሁለተኛውን አይሆንም። በፓራፋንጎው ውስጥ ጎማው ድንጋይና ጭቃ ይወረውራል፤ ስለዚህ ሽቦው በቱቦ ውስጥ ሆኖ ከላይኛው መታጠፊያ ሥር ይሂድ። አዲስ ቀዳዳ ከመብሳትሽ በፊት የፋብሪካውን ቀዳዳ ፈልጊ። አሮጌውን ሽቦ ዝም ብለሽ መዘሽ አታውጪው፤ አዲሱን ከጫፉ ጋር አስረሽ ሳቢው፣ መንገዱን እሱ ያሳይሻል። ከመፍታትሽ በፊት ፎቶ አንሺ፣ እያንዳንዱን ጫፍ በናስትሮ ላይ ጽፈሽ ምልክት አድርጊበት። ከጭስ ማውጫው በተቻለ መጠን አርቂው፤ ተራው የሽቦ ፕላስቲክ እዚያ አጠገብ ያለውን ሙቀት አይችልም።

ፊውዝ ግን በሌሊት፣ በዝናብ፣ መንገድ ዳር የሚቀየር ነገር ነው። የሚደበቀው ሽቦው ነው፤ ፊውዙና የሽቦዎቹ መገናኛ እጅ የሚገባበት ቦታ ይሁኑ። አሳምሮ ቀብሮ ለሚቀጥለው ኤሌትራውቶ ራስ ምታት የሚተው ሰው በጣም ያናድደኛል። እንዲህ ያለ ሥራ አንድ ሽቦ ለማግኘት ሙሉ ዳሽቦርድ ያስፈታል።

አዲስ አባል፦ ካቦው ምን ያህል ይወፍር?

መልስ፦ ከላይ ለፊያት 124 መልሻለሁ። አንብበው።

ባለ ቮልስ ስድስት ቮልት፦ የእኔ 12 አይደለም፣ 6 ቮልት ነው። ያው ካቦ ይበቃዋል?

መልስ፦ አይበቃውም። ለተመሳሳይ ጉልበት 6 ቮልት እጥፍ አምፔር ይፈልጋል፤ የሚጠፋው ግማሽ ቮልትም ከ6 ላይ ሲቀነስ ይሰማል። ለ12 ቮልት የተሠራ ካቦ ገዝተው ያሰሩ ብዙ ሰዎች መኪናቸው ጠዋት አይነሳም። የቀድሞው ካቦ ወፍራም የሆነው በምክንያት ነው።

ባለ ፊያት 600፦ ዋጋውስ በአጠቃላይ ስንት ይፈጃል?

መልስ፦ ዋጋ አትጠይቁኝ ብያለሁ።

ባለ ላንድሮቨር፦ የአባቴ ላንድሮቨር ፖዘቲቩ ነው ከአካሉ ጋር የታሰረው። ተሳስተው ነው? ልገልብጠው?

መልስ፦ አልተሳሳቱም፤ ብዙ የእንግሊዝ መኪናዎች እስከ 1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ድረስ እንዲህ ነበሩ። በዚህ መኪና ላይ ግን እስካሁን ያልሁትን ገልብጠህ አንብብ፦ መጀመሪያ የሚፈታው ከአካሉ ጋር የታሰረው ነው፣ እሱም ፖዘቲቩ ነው፤ ፊውዙም በኔጋቲቩ ላይ ይሁን። ዲናሞው የድሮው ከሆነና ሬዲዮም ሌላም ዘመናዊ ዕቃ ካልገጠምህ እንዳለ ተወው። መገልበጥ ካስፈለገ ዲናሞውን እንደገና ማግኔት ማስያዝ፣ የኮይሉን ሽቦዎች ማቀያየርና የአምፔር መለኪያውን መገልበጥ ይጠይቃል። እስከዚያው ባትሪው ላይ በግልጽ ጽፈህ ለጥፍበት፤ ካቦ ሊያውስህ የሚመጣ ሰው አያውቅም።