ፊታቸውን ሳያሳዩ የሚዘፍኑት ግሪን፦ ጥያቄና መልስ

ግሪን በሰሜን ምሥራቅ ጃፓን ከምትገኘው ከፉኩሺማ የተነሳ የአራት ወንድ ድምፃውያን ቡድን ነው። ሂዴ፣ ናቪ፣ ሶ እና ኩኒ (በቁጥር 92 ተብሎ ይጻፋል) ይባላሉ። ለቀረቡት ጥያቄዎች መልሱ እንደሚከተለው ነው።

ጥ፦ ኢንተርኔት ላይ ስፈልጋቸው የማይገናኝ ባንድ ይመጣብኛል።

መ፦ በላቲን ፊደል ስትጽፍ መሀሉ ላይ «ኢ» አራት ጊዜ ይደገማል (GReeeeN)፣ ለእያንዳንዱ አባል አንድ። ሁለት ብቻ ከጻፍክ አታገኛቸውም። በ2024 ደግሞ ስማቸው ግሪን ቦይዝ ሆኗል፤ አሁን አንድ «ኢ» ብቻ ተርፎ ከጎኑ የ4 ቁጥር ገብቷል፣ «ቦይዝ» የሚጨርሰውም በ«ዜድ» ነው (GRe4N BOYZ)። በሁለቱም ስም ፈልግ።

ጥ፦ ፊታቸውን መደበቃቸው የገበያ ዘዴ አይደለም?

መ፦ ለገበያ አልጎዳቸውም፣ መነሻው ግን ሥራ ነው። የተገናኙት በፉኩሺማዋ ኮሪያማ ከተማ የጥርስ ሕክምና ሲማሩ ሲሆን ጥር 2007 የመጀመሪያ ሲንግላቸውን (ነጠላ ዘፈናቸውን) በትልቅ ኩባንያ በኩል ሲያወጡም ሕክምናውን የመተው ሐሳብ አልነበራቸውም። ታካሚ አፉን ከፍቶ ሲተኛ በላዩ ያጎነበሰው ሰው የቴሌቪዥን ኮከብ ከሆነ ክሊኒኩ ክሊኒክ መሆኑ ይቀራል። ሂዴ በ2011 አካባቢውን ከመታው የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ በኋላ የሟቾችን ማንነት በጥርሳቸው በመለየት ሥራ ተሳትፏል። ይህን ያወቀ ሰው «ዘዴ ነው» ለማለት የሚቸኩል አይመስለኝም።

ጥ፦ እውነተኛ ስማቸውን ንገረን።

መ፦ አይሆንም።

ጥ፦ ታዲያ ፊት ሳይኖራቸው እንዴት ይህን ያህል ታወቁ?

መ፦ ጊዜው ረድቷቸዋል። በ2007 እና 2008 የጃፓን ወጣት ሙሉ ዘፈን በቀጥታ በሞባይል ስልኩ ገዝቶ ያወርድ ነበር። ለዚህ ፖስተርም የቴሌቪዥን መድረክም አያስፈልግም፤ አዝማቹ ጆሮ ውስጥ ከቀረ በቂ ነው። የጎደለውን ፊት ድራማው ሞላው። ግንቦት 2008 የወጣው «ኪሴኪ» ስለ ትምህርት ቤት የቤዝቦል ቡድን የሚተርከው የ«ሩኪስ» ተከታታይ ድራማ ማጀቢያ ዘፈን ስለነበር፣ ሰዉ ዘፈኑን ሲሰማ የሚታየው የድራማው ተዋናዮች ፊት ነው። በኋላ በጃፓን በዳውንሎድ እጅግ የተሸጠ ሲንግል ተብሎ በጊነስ ተመዝግቧል።

ጥ፦ ስለ እነሱ በተሠራው ፊልም ላይ ያሉት ራሳቸው ናቸው?

መ፦ አይደሉም። በ2017 በወጣው ፊልም ሂዴን የተጫወተው ማሳኪ ሱዳ ነው፤ ታላቅ ወንድሙና የቡድኑ ፕሮዲውሰር የሆነውን ጂንን ደግሞ ቶሪ ማትሱዛካ።

ጥ፦ መድረክ ላይስ?

መ፦ ከስክሪን ጀርባ ጥላቸው ብቻ ይታያል። በ2020 የዓመት መጨረሻ በጃፓን ብሔራዊ ማሰራጫ በኤንኤችኬ የኮሃኩ የዘፈን ዝግጅት ላይ የቀረቡት በዲጂታል በተሠራ ምስል ነው።

ጥ፦ ጃፓንኛ አላውቅም፤ «ኪሴኪ»ን በፊደላችን ጽፌ ልዘፍነው እችላለሁ?

መ፦ ትችላለህ፣ እንዲያውም ከላቲን ይሻላል፤ የጃፓንኛም ፊደል እንደኛው ተነባቢና አናባቢ አጣምሮ ነው የሚሄደው። አናባቢዎቹ አምስት ስለሆኑ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስና ሳብዕን ብቻ ተጠቀም። ግዕዙን ተወው፤ «ሰ» ብለህ ከጻፍክ ስትዘፍን ድምፁ ይበላሻል፣ «ሴ» ነው። ሳድስ የሚያስፈልግህ ለ«ን»፣ ለሚጠብቅ ድምፅና እንደ «ክያ»፣ «ትሱ» ላሉት ጥምሮች ነው፤ እነዚህ ጥምሮች ሁለት ፊደል ቢሆኑም አንድ ምት ናቸው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ምት ላይ ነው። የእኛ ጽሕፈት መጥበቅን አያሳይም፣ «አለ» እና «አለ»ን ከአገባቡ ነው የምንለየው። በጃፓንኛ ግን የሚጠብቀው ድምፅ የራሱን ምት ይወስዳል፦ «ኪቴ» (ና) ሁለት ምት፣ «ኪትቴ» (ቴምብር) ሦስት ምት። የሚረዝም አናባቢም እንዲሁ፤ «ኦባሳን» አክስት ናት፣ «ኦባ-ሳን» ሴት አያት። መጨረሻ ላይ ያለ «ን»ም ለብቻው ይቆጠራል፤ «ኒሆን» ሦስት ነው። እነዚህን ካልቆጠርክ ስንኙን ቀድመህ ጨርሰህ ሙዚቃውን ቆመህ ትጠብቃለህ። ስለዚህ ለማርዘሚያ ሰረዝ አድርግ፣ የሚጠብቀውን በሳድስ ጻፍ፣ ከዚያ ሳትዘፍን በጭብጨባ ብቻ ቁጠረው። በንግግር የሚዋጠው «ኡ» የራሱ ኖታ ካለው በዘፈን እንደሚሰማም ልብ በል። «ፉ» ላይ ጥርስህ ከንፈርህን አይንካ፤ ሻማ እንደምታጠፋ በሁለቱ ከንፈር ንፋ።

ጥ፦ አራት ሆነን ስንዘፍን ጩኸት ብቻ ይሆንብናል።

መ፦ አራታችሁም ዋናውን ዜማ እየዘፈናችሁ ይሆናላ። በስንኙ ተቀባበሉ፣ አንድ ሰው ብቻ ይዝፈን። አዝማቹ ላይ ሁለታችሁ ዋናውን ያዙ፣ አንዱ በሦስተኛ ድምፅ (ዋናው «ዶ» ሲል «ሚ» እንደማለት) ከፍ ብሎ ይግባ፣ አራተኛው ዝቅ ይበል ወይም ዝም ይበል። ከላይ ያለው ድምፅ ከዋናው ይልቅ ለስለስ ብሎ መሰማት አለበት፤ ከማይኩ የሚርቀውም እሱ ነው። ለሁሉም ከፍ ካለባችሁ በካራኦኬው ማሽን ላይ የዜማውን ከፍታ (ኪይ) በሁለት ደረጃ አውርዱት፣ ማንም አያፍርባችሁም።

ጥ፦ የሴቶች እንዲህ ያለ ቡድን አለ?

መ፦ ግሪኖች ራሳቸው ያዘጋጁት ዋይት የሚባል አለ፤ በ2015 «አይ ኡታ» የተሰኘውን የ2007 ዘፈናቸውን እንደገና ሠርቶታል። በአኒሜ (በጃፓን አኒሜሽን) ዘፈኖች በኩል ደግሞ በ2010 የጀመሩት ክላሪስ አሉ፤ ሲጀምሩ የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ስለነበሩ ፊታቸው አልታየም።

ጥ፦ ኮሪያማ ብሄድ የማየው ነገር አለ?

መ፦ ከማየት ይልቅ መስማት። ከ2015 ጀምሮ በጣቢያው ባቡር ሲነሳ የሚሰማው ዜማ የእነሱ ነው። ከቶኪዮ በቶሆኩ ሺንካንሰን ፈጣን ባቡር አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ዜማው ከመነሻ በፊት ለጥቂት ሴኮንዶች ብቻ ስለሚጫወት መቅጃህን ቀድመህ ክፈት። ሳትሳፈር ወደ ባቡር መሳፈሪያው መግባት ከፈለግክ የመግቢያ ቲኬት ይሸጣል፣ ለሁለት ሰዓት ያገለግላል።