መልስ፦ የሁለት ዓመት ሰዓቶችን ማነጻጸር
የአንድን ተወዳዳሪ የአምናና የዘንድሮ ሰዓት አይቶ «ፈጥኗል» ማለት ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል። በአገር አቋራጭ የበረዶ ሸርተቴ አይቻልም፤ በረዶው ሲረጥብ ወይም ሲደርቅ ሰዓቱም አብሮ ይለወጣል። ይልቅስ ሰዓቱ ቀድመው ከገቡት 30 ተወዳዳሪዎች መካከለኛ ሰዓት በስንት ከመቶ እንደሚርቅ ያስሉ። አሸናፊውን መለኪያ አያድርጉ፤ አንዳንዴ ብቻውን የሚበር ሰው ነው። በጅምላ የሚጀመሩ ውድድሮችን ለይተው ያስቀምጡ፤ እዚያ ሰዓቱን የሚወስነው በአብዛኛው ስልት ነው።

በባያትሎን (ሸርተቴና የጠመንጃ ተኩስ በተጣመሩበት ውድድር) ደግሞ የሸርተቴውን ጊዜ ከተኩሱ ይነጥሉ፤ በስፕሪንት (10 ጥይት በሚተኮስበት አጭር ውድድር) አንድ የተኩስ ስህተት የ150 ሜትር ቅጣት ዙር ያስከትላልና ጠቅላላው ሰዓት ሁለቱን ያደባልቃል። በአንድ ቀን ተኩስም አይደነቁ፦ እያንዳንዱን ጥይት 80 ከመቶ የመምታት ዕድል ያለው ተኳሽ፣ ምንም ሳይሻሻል፣ ከ10 ስፕሪንት በአንዱ ገደማ 10ሩንም ይመታል።