ፍላጻው ከአጋዘኑ ጀርባ በላይ ለምን ያልፋል?

ጥያቄ፦ በሚኒሶታ ባለ ነጭ ጅራት አጋዘን በቀስት አድናለሁ። ባለ ትልልቅ ቀንድ ወንዶች 30 ሜትር ያህል ቀርበውልኝ ሳለ፣ ፍላጻዬ በተደጋጋሚ ከጀርባቸው በላይ አለፈ። ስሕተቱ ከአነጣጠሬ ነውን?

መልስ፦ አነጣጠርዎ ትክክል ሊሆን ይችላል። ፍላጻ በሰከንድ 90 ሜትር ገደማ፣ ድምፅ ግን 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ የአውታሩ ድምፅ ቀድሞ ይደርሳል፤ የደነገጠው አጋዘንም ለመፈትለክ እግሮቹን አጥፎ ደረቱን ወደ መሬት ዝቅ ሲያደርግ፣ ፍላጻው ከበላዩ ያልፋል። ቀንዱ ምንም ቢያስጎመጅ አቁስሎ መስደድ ነውር ነውና፣ 20 ሜትር እስኪቀርብ ይታገሡ፤ ጆሮውን ቀስሮ ካፈጠጠብዎ ፍላጻውን ከቶ አይልቀቁ። ተረጋግቶ ከቆመ በደረቱ የታችኛው ሲሶ ላይ ያነጣጥሩ። አውታሩንም የሚስቡት ጭንቅላቱ ከዛፍ ግንድ ጀርባ ሲከለል ይሁን።