ስካኑ ባዶ ሲወጣ ቡና አፍልቼ ነበር

እህቴ፣ «የእማዬ ካልሲየም ከፍ ብሏል፤ የፓራታይሮይድ ዕጢ ነው አሉን። የአንገቷ ስካን ግን ምንም አላሳየም። ኦፕራሲዮኑ ይቅር?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ እዚህ ሜሪላንድ የታመመችውን ዕጢ ካስወጣሁ ሦስት ዓመት አለፈኝ። ሐኪም አይደለሁም፤ የደረሰብኝን ልንገርሽ።

ፓራታይሮይድ ማለት አንገት ውስጥ ከታይሮይድ ኋላ ያሉ፣ የደም ካልሲየምን የሚቆጣጠሩ አራት ትናንሽ ዕጢዎች ናቸው። በሽታውን የሚያረጋግጠው የደም ምርመራ ነው። ካልሲየም ሲጨምር ከእነሱ የሚወጣው ፒቲኤች የሚባለው ሆርሞን መቀነስ አለበት። እሱም አብሮ ከፍ ካለ ብዙውን ጊዜ ከዕጢዎቹ አንዷ አልታዘዝም ብላለች ማለት ነው። ስካኑ የሚታዘዘው የቷ እንደሆነች ለመፈለግ ብቻ ነው።

ይህን የነገረኝ ስላልነበረ ስካኔ ባዶ ሲወጣ «ተመስገን» ብዬ ቡና አፈላሁ። ጉዳዩንም ረሳሁት። ከስምንት ወር በኋላ ከካልሲየሙ የመጣ ሁለተኛ የኩላሊት ጠጠር ጣለኝና ድንገተኛ ክፍል ገባሁ።

ስካኑ ሴስታሚቢ ይባላል። ጨረር ያለው ቴክኒሺየም ክንዴ ላይ ወጉኝ፤ ወዲያው አፌን ብረት ብረት አለኝ። ትከሻዬ ሥር ትራስ አስገብተው አንገቴን ወደ ኋላ አስተኙት። ካሜራው አፍንጫዬን ሊነካኝ ምንም አልቀረው። «አትንቀሳቀሺ» ሲሉኝ ምራቄን መዋጥ አማረኝ! መጀመሪያ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ውስጥ ያነሳሉ፤ ሁለት ሰዓት ገደማ ቆይተው ይደግሙታል። ታይሮይድ መድኃኒቱን ቶሎ ይለቃል፤ የታመመችው ፓራታይሮይድ ግን ብዙውን ጊዜ ይዛው ትቆያለች። ሌላው ሲደበዝዝ አንዲት ነጥብ ደምቃ ከቀረች ሐኪሞቹ እሷን ይጠረጥራሉ።

ችግሩ፣ ጤነኛዋ ዕጢ የሩዝ ፍሬ ታክላለች። የታመመችውም ትንሽ ከሆነች፣ ወይም ከአንድ በላይ ከታመሙ፣ ስካኑ ሊስታቸው ይችላል። እኛ አገር ደግሞ እንቅርት ብዙ ነው። የእንቅርት እብጠትም መድኃኒቱን ይዞ ሊቆይና ሊያሳስት ይችላል። እኔም ከአገር ቤት ይዣት የመጣሁ ትንሽ እንቅርት ነበረችኝ።

ሁለተኛዋ ሐኪሜ አልትራሳውንዱን ራሷ አነሳችኝ። «ይቺ እንቅርትሽ ናት፤ ሌላዋን አላየኋትም» አለች። አልትራሳውንድ ከአየር ቧንቧ ኋላና ከደረት አጥንት ሥር ያለውን አያይም። ስለዚህ ፎር ዲ ሲቲ አዘዘች። ቀለም ወግተው በሰከንዶች ልዩነት ደጋግመው ያነሳሉ፤ የታመመችው ዕጢ ቀለሙን ቶሎ ትጠጣለች፣ ቶሎም ትለቃለች። በዚህ ተያዘች፤ በግራ በኩል ከምግብ ቧንቧው ኋላ ተደብቃ።

እነዚህ መሣሪያዎች ሳይኖሩ ቻርልስ ማርቴል የሚባል አሜሪካዊ የመርከብ ካፒቴን ስድስት ጊዜ ተከፍቶ የታመመችው ዕጢ አልተገኘችለትም። በ1932 እ.ኤ.አ. በሰባተኛው ኦፕራሲዮን ደረቱ ውስጥ ተገኘች። ይህን ሳነብ ባለሁለት ስካኗ እኔ ማማረሬን ተውኩ።

ስለዚህ እናትሽ ሌላ ዓይነት ምርመራ ይጠይቁ። ምንም ባይታይም የለመደ ሰርጀን አራቱንም ዕጢዎች ከፍቶ ሊያይ ይችላል፤ በዓመት ስንት እንደሚሠራ ጠይቁት፣ አትፈሩ። ለእኔ ዕጢዋ ከወጣች ከ10 ደቂቃ በኋላ እዚያው ደም ወስደው ሆርሞኑ ከግማሽ በታች መውረዱን አይተው ነው የሰፉኝ።

የእናትሽን የካልሲየምና የፒቲኤች ቁጥር ጻፊልኝ እስቲ። የ24 ሰዓት ሽንትስ ተለክቶላቸዋል? በዘር የሚመጣ፣ ይህንን የሚመስል ግን ኦፕራሲዮን የማይፈልግ ነገር ስላለ ነው። እንቅርትም ካላቸው ንገሪኝ።