ጥያቄና መልስ፦ ፎርድ፣ ቶዮታ፣ ቮልቮ

ኢንጂነር፦ ስለ አገሮች የአመራረት ስልት ጠይቁኝ። የእኔ ነገር መኪና ፋብሪካ ነው፤ ፖለቲካውን ለሌላ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አቤል፦ ኢንጂነር፣ የትኛው አገር ይበልጣል?

ኢንጂነር፦ በምን? ለየትኛው ገበያ? እንዲህ ተጠይቆ አይመለስም።

ሜሮን፦ ቶዮታ ከፎርድ የተለየ መንገድ እንዴት ያዘ?

ኢንጂነር፦ ይሄ ጥያቄ ነው። ፎርድ በ1913 ተንቀሳቃሹን መስመር፣ መኪናው እያለፈ እያንዳንዱ ሠራተኛ የየድርሻውን የሚገጥምበትን፣ ሲዘረጋ ሥራው አሰልቺ ሆነና ሰው አልበረክት አለው። በ1914 በቀን 5 ዶላር ብሎ ያዛቸው። አንድ ዓይነት መኪና ለሰፊ ገበያ ያወጣ ነበርና አዋጣው። ጃፓን ያ ገበያ አልነበራትም። ቶዮታ በ1950 ሊከስር ደርሶ ሠራተኛ ሲቀንስ አድማ ተነሣ፤ መሥራቹ ኪኢቺሮ ቶዮዳ ራሱ ከሥልጣን ወረደ። ከዚያ ወዲህ ሠራተኛው እንጀራው ላይቆረጥ፣ እሱም የተመደበበትን ሁሉ ሊሠራና ጉድለት ሊጠቁም ተስማሙ። የቶዮታው ኢንጂነር ታይቺ ኦኖ የቶዮታን የአመራረት ስልት የገነባው በዚህ ውል ላይ ነው። ውሉን ትታችሁ መሣሪያውን አትኮርጁ!

ዳዊት፦ ውል ምን ያደርጋል፣ ጃፓኖች ድሮም ታታሪ ናቸው።

ኢንጂነር፦ ታዲያ በ1953 ሌላው የጃፓን መኪና አምራች ኒሳን ውስጥ ያ ሁሉ ወራት የፈጀ ግብግብ ከየት መጣ? ካሊፎርኒያን ተመልከት። ፍሪሞንት የነበረው የጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ ሠራተኛው ከሥራ በመቅረቱና በጠብ የታወቀ ነበር፤ በ1982 ተዘጋ። በ1984 ከቶዮታ ጋር በሽርክና፣ ኑሚ ተብሎ ተከፈተ። አብዛኛው ሠራተኛ ያው የድሮው፣ የሠራተኛ ማኅበሩም ያው። ጉድለት ያየ ሰው ከአናቱ በላይ የተዘረጋውን ገመድ ይስባል፣ መብራት ይበራል፣ የቡድን መሪው ይመጣል፤ ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። ቀሪ ቀነሰ፣ ጥራት ተሻለ። ሽያጭ ሲቀዘቅዝ ሠራተኛውን ሥልጠና አስገቡት እንጂ አላባረሩትም። ባህላቸውስ መቼ ተቀየረ?

ሄኖክ፦ ስዊድንን ረሱ። ቮልቮ ኡዴቫላ ላይ በ1989 መስመሩን ጭራሽ አስቀርቶ፣ ጥቂት ሰዎች ሙሉ መኪና ይገጥሙ ነበር።

ዳዊት፦ በ1993 ተዘጋ። ተሸነፈ ማለት ነው።

ሄኖክ፦ ሽያጭ ወርዶ ነው የተዘጋው! ከትልቁ ፋብሪካ ይልቅ ትንሹን መዝጋት ይቀል ነበር።

ዳዊት፦ ካዋጣ ማን ይዘጋል?

ኢንጂነር፦ ሁለታችሁም በውስጥ መስመር ተነጋገሩ። ስዊድን መስመሩን ያስቀረችው እንደዚያ ያለ ሥራ የሚፈልግ ሰው ስላጣች ነው፤ ይሄን ያዙ።

ሳሚ፦ የእኛ አገር ካይዘንስ?

ኢንጂነር፦ ካይዘን ሠራተኛው ራሱ ሥራውን ሳያቋርጥ የሚያሻሽልበት የጃፓን ስልት ነው። የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2011 ተቋቋመ፤ ከዚያ በፊት በጃፓኖች ድጋፍ በ30 ድርጅቶች ተሞክሯል። እኔ በየፋብሪካው የማየው ግን ወለል ላይ ቢጫ ቀለምና ግድግዳ ላይ መፈክር ነው። ሠራተኛው በየጊዜው እየለቀቀ ማን ያሻሽል? መሣሪያውን ከውሉ አትነጥሉ ብያለሁ።

ትዕግስት፦ ቻይናስ?

ኢንጂነር፦ ስልክ መገጣጠሚያዋ ወይስ መኪና ፋብሪካዋ? ለይተሽ ጠይቂ።

ቢኒ፦ እኛ ጋ ገመዱ አለ፤ የሳበውን ሰው ግን አለቃው ስሙን ይመዘግባል።

ኢንጂነር፦ እንግዲያው ማንም አይስበውም። የሰው ስም ሳይሆን መስመሩ የቆመበትን ቦታና ምክንያት ይመዝግብ፤ ሁለት ጊዜ እዚያው ከቆመ አለቃው ራሱ ሄዶ ይይ።